የአስተናጋጅነት ዕጣ፦ ጨረታ ወይስ ዕቁብ?

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ለተማሪዎች ውድድር በራቸውን ሲከፍቱ ገበያውም ፍትሑም አብረው ይፈተናሉ

አንድ ከተማ የክልሉን ተማሪዎች ውድድር እንድታስተናግድ ተመረጠች ሲባል ወሬውን መጀመሪያ የሚይዘው የስፖርት አፍቃሪው አይደለም፤ ዳቦ ጋጋሪው ነው። ከእርሱ ቀጥሎ ፍራሽ አከራዩ፣ ካናቴራ አታሚው፣ የሚኒባስ ባለንብረቱና እንቁላል አከፋፋዩ ይሰማሉ። ደላላውማ ከዳቦ ጋጋሪውም ቀድሞ ሰምቶ አድሯል። ተማሪዎቹ ገና ማጣሪያ ላይ ሳሉ በከተማዋ ገበያ ዋጋ መጠየቅ፣ አዳራሽ መያዝና ቀብድ መቀበል ይጀመራል።

አዲስ አበባን ከበው ለሚገኙት ለሰበታ፣ ለቡራዩና ለሱሉልታ ይህ ዓይነቱ ወሬ ቀላል ነገር አይደለም። ሦስቱም ጠዋት ጠዋት ሠራተኛቸውንና ሸማቻቸውን ለዋና ከተማዋ አበድረው ማታ ማታ መልሰው የሚቀበሉ ናቸው። ከኦሮሚያ ማዕዘናት የመጡ ተማሪዎች ለአንድ ሳምንት ያህል አድረው፣ በልተውና ተሳፍረው የሚመለሱበት ውድድር ግን ገንዘቡን እዚያው ከተማው ውስጥ ጥሎ ይሄዳል። ስለዚህ "ማን ያስተናግድ?" የሚለው ጥያቄ የትምህርት ቢሮ ጉዳይ ብቻ አይሆንም፤ የገበያም ጉዳይ ነው። ገበያ የገባበት ነገር ሁሉ ደግሞ ሚዛን ይፈልጋል።

ሳምንቱ ምን ይሸምታል?

በትምህርት ቤት ቋንቋ "ተጓዳኝ ትምህርት" የሚባለው ከመደበኛው ክፍለ ጊዜ ውጪ የሚካሄደው ሁሉ ነው። አትሌቲክስ፣ እግር ኳስ፣ መረብ ኳስና ቼዝ አሉበት፤ ጥያቄና መልስ፣ ድራማ፣ ሙዚቃ፣ የሳይንስና የፈጠራ ሥራዎች ትርኢትም እዚያው ይገባሉ። ውድድሩ ከትምህርት ቤት ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልል ሲያድግ ወጪውም አብሮ ያድጋል።

ስሌቱን ለማየት ያህል 1,000 ተማሪዎችና መምህራን ለ7 ቀናት መጡ እንበል። ይህ ማለት 7,000 አዳር ነው። በቀን 3 ጊዜ ቢመገቡ 21,000 ማዕድ ይቀርባል። ለአንድ ሰው በቀን 2 ዳቦ ብቻ ቢታሰብ 14,000 ዳቦ ይጋገራል። 1,000 ፍራሽና ቢያንስ ያን ያህል ብርድ ልብስ ያስፈልጋል። በዚህ ላይ የማገዶ፣ የውኃ፣ የሳሙና፣ የመጀመሪያ ሕክምና ዕቃ፣ የፎቶ ኮፒ፣ የዋንጫና የሜዳሊያ፣ የድምፅ ማጉያ ኪራይ ይታከላል። ደጋፊ ወላጅ ከመጣ ደግሞ አልቤርጎው፣ ምግብ ቤቱና ካርድ ሻጩ የድርሻቸውን ያገኛሉ።

ይህ ሁሉ ግን የሚሆነው ወቅቱ ከተመቸ ነው። ውድድሩ በዐቢይ ጾም ቢውል የእንቁላልና የወተት ነጋዴው ሒሳብ ሌላ ነው፤ በረመዳን ቢውል የምሳው ወጪ ወደ ማታ ይዞራል። ክረምት ከገባ ደግሞ የሱሉልታ ሜዳ ውኃ ይተኛበታል፤ ሣር እንጂ ኳስ አይበቅልበትም። ቦታ መምረጥ ቀን ከመምረጥ ጋር ተያይዞ ካልታየ ግማሽ ሥራ ነው።

እንግዳ ሲገባ የቤት ልጅ ይወጣል

የሽያጩ ወገን ይህ ሲሆን የዕዳው ወገንም አለ። የተማሪዎች ልዑክ ብዙውን ጊዜ ሆቴል አይገባም፤ ዴስክ ወደ ጥግ ተገፍቶ ፍራሽ በተነጠፈበት መማሪያ ክፍል ያድራል። በአንድ ክፍል 20 ሰው ቢተኛ 1,000ውን እንግዳ ለማሳደር 50 ክፍል ይፈለጋል። በእያንዳንዱ ክፍል 50 ተማሪ የሚማር ከሆነ 2,500 የከተማው ልጆች ለአንድ ሳምንት ከትምህርት ገበታ ይነሣሉ ማለት ነው። ትምህርቱ በፈረቃ የሚሰጥ ከሆነ ደግሞ ቁጥሩ ወደ 5,000 ያድጋል።

ይህ ወጪ በማንኛውም ደረሰኝ ላይ አይጻፍም። ጥበቃው ተጨማሪ ሌሊት ያድራል፤ ሽንት ቤቱ ይሞላል፤ ቧንቧው ይሰበራል፤ የመብራትና የውኃው ቆጣሪ ይሮጣል። እንግዳው ሲሄድ ሒሳቡ በትምህርት ቤቱ ስም ይቀራል። ዳቦ ጋጋሪው ያተረፈበት ሳምንት ለትምህርት ቤቱ የኪሳራ ሳምንት ሊሆን ይችላል። "በሬ ሆይ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ" የተባለው እንዲህ ላለው ነው። በመሆኑም አስተናጋጅነት ክብርም ገቢም ዕዳም ነው፤ ፍትሐዊ ምርጫ ማለትም ክብሩንና ገቢውን ብቻ ሳይሆን ዕዳውንም ማከፋፈል ይሆናል። አንድ ከተማ ሁልጊዜ ስታስተናግድ ሌሎቹ ይቀኑባታል፤ የራሷ ተማሪዎች ግን በየዓመቱ የሚያጡትን የትምህርት ሳምንት የሚቆጥርላቸው የለም።

ሦስት በሮች

ሦስቱ ከተሞች ወንድማማች ይምሰሉ እንጂ በየፊናቸው የቆሙ ናቸው። ሰበታ በደቡብ ምዕራብ በጅማ መንገድ ላይ ናት። የሜታ ቢራ ፋብሪካ፣ የጨርቃ ጨርቅና የምግብ ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪዎች ያሉባት፣ ከጅቡቲ የሚመጣው የኤሌክትሪክ ባቡር ሐዲድ የሚደርስባት ከተማ ነች። ስሟን የያዘው ሰበታ ከተማ የእግር ኳስ ክለብ በ2012 ዓ.ም. የውድድር ዘመን በፕሪሚየር ሊጉ ተሰልፏል። ከዚህም ሌላ ዓይነ ስውራን ተማሪዎች ከየአካባቢው መጥተው የሚማሩበት አንጋፋው ትምህርት ቤት ሰበታ ይገኛል። አካል ጉዳተኛ ተማሪ የሚሳተፍበት ውድድር ሲታሰብ የሜዳው ስፋት ብቻ ሳይሆን እንግዳውን እጁን ይዞ የመምራት ልምድም መመዘን ይኖርበታል፤ በዚህ በኩል ሰበታ የዓመታት ትምህርት አላት።

ቡራዩ በምዕራብ በአምቦ መንገድ ላይ፣ ከአስኮ ቀጥላ የምትገኝ ናት። ለዋና ከተማዋ ውኃ የሚያጠራቅመው የገፈርሳ ግድብ በአካባቢዋ ነው። ከሦስቱ ለአዲስ አበባ እጅግ የቀረበችው እርሷ ስትሆን ቤት ፈላጊው ሕዝብ በብዛት የሰፈረባት በመሆኑ ትምህርት ቤቱም፣ ሱቁም፣ ታክሲውም ጥቅጥቅ ያለ ነው። ለአዳራሽ ውድድር፣ ማለትም ለጥያቄና መልስ፣ ለድራማና ለሳይንስ ትርኢት፣ ይህ ጥቅጥቅ ያለ ኑሮ ይጠቅማል። ለሩጫና ለኳስ ግን ባዶ ሜዳ ይፈለጋል፤ ባዶ ሜዳ ደግሞ በእንዲህ ያለ ከተማ ዋጋው የመሬት ዋጋ ነው።

ሱሉልታ በሰሜን ከእንጦጦ ጀርባ በጎጃም መንገድ ላይ ትገኛለች። የወተት፣ የድርቆሽና የታሸገ ውኃ አገር ናት። በሯጮች ዘንድ ስሟ ከአገር አልፎ የተሰማ ሲሆን ቀነኒሳ በቀለ ያስገነባው የመሮጫ ትራክ እዚያው ነው። ከውጭ የሚመጡ ሯጮችም ለከፍታ ልምምድ ይቀመጡባታል። ለእንግዳ አልጋና ለስፖርተኛ ምግብ የሚሆን ልምድ ከሦስቱ ይልቅ በእርሷ ዘንድ አለ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በ2015 ዓ.ም. እነዚህ ሦስት ከተሞች ከለገጣፎ ለገዳዲ፣ ከገላንና ከኮዬ ፈጬ ጋር ተጠቃለው ሸገር ከተማ ተመሠረተ፤ በ12 ክፍለ ከተሞችም ተዋቀረ። አስተዳደሩ አንድ ሆነ፤ መንገዱ ግን አንድ አልሆነም። ከሱሉልታ ተነሥቶ ሰበታ ለመድረስ የሚታወቀው መንገድ የእንጦጦን ቁልቁለት ወርዶ አዲስ አበባን አቋርጦ ማለፍ ነው። ስለዚህ "ሦስቱ ተካፍለው ያስተናግዱ" የሚለው ሐሳብ በወረቀት ላይ ያማረ ቢሆንም ኳሱ ሰበታ፣ ሩጫው ሱሉልታ፣ መኝታው ቡራዩ ቢደረግ የተማሪው ቀን በሜዳ ላይ ሳይሆን በትራፊክ መብራት ሥር ያልቃል። የሚያዋጣው አንድን ውድድር ለሦስት መቁረጥ ሳይሆን የተለያዩ ውድድሮችን በተለያየ ጊዜ መደልደል ነው፤ ኳሱ ለአንዷ፣ የሳይንስ ትርኢቱ ለሌላዋ።

አስፋልቱ የሚናገረው

የሸገር ከተሞች ትልቁ መከራከሪያ መንገድ ነው። የአገሪቱ ዋና ዋና አስፋልቶች ከአዲስ አበባ እንደ ጃንጥላ ዘንግ የተዘረጉ በመሆናቸው ከወለጋ ወደ ሐረርጌ የሚሻገር ልዑክ ዞሮ ዞሮ እዚህ ማለፉ አይቀርም። ታዲያ ለምን ሁልጊዜ እዚሁ አይደረግም?

አራት ቡድኖችን ብቻ ወስዶ መደመር በቂ ነው። ከአዲስ አበባ ጅማ 350፣ ነቀምቴ 330፣ አሰላ 175፣ ያቤሎ ደግሞ 570 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃሉ። አራቱም ወደ አዲስ አበባ ዙሪያ ቢመጡ የአንድ ጉዞ ድምሩ 1,425 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ውድድሩ አዳማ ቢደረግ ጅማ ወደ 450፣ ነቀምቴ ወደ 430 ከፍ ይላሉ፤ አሰላ ወደ 75 ይወርዳል፤ ያቤሎም በሞጆ በኩል ስለሚታጠፍ ወደ 520 ይቀንሳል። ድምሩ 1,475 ኪሎ ሜትር ነው።

በድምር ሲታይ የሁለቱ ልዩነት 50 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ለክልሉ ካዝና እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ለየቡድኑ ግን ልዩነቱ ሰፊ ነው፤ አሰላ 100 ኪሎ ሜትር ሲቀነስላት ጅማና ነቀምቴ 100፣ 100 ይጨመርባቸዋል። ድምር ብቻ የሚያይ ኮሚቴ "ሁለቱም ያው ናቸው" ብሎ ያልፋል፤ ልጁን በአውቶቡስ የሚልከው ርዕሰ መምህር ግን ያው አይሉም።

ሌላም የሚታይ አለ። ውድድሩ ከሁለቱ በየትኛው ቢደረግ ያቤሎ ከ500 ኪሎ ሜትር በታች አይሄድም። "መካከለኛ ቦታ" የሚባለው ለብዙኃኑ መካከለኛ ነው፤ ዳር ላለው ግን ሁልጊዜ ሩቅ ነው። 770 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ የሚመጣው የሞያሌ ተማሪ በየዓመቱ ሁለት ቀን መንገድ ላይ አድሮ፣ እግሩ አብጦ ከሰበታ ልጅ ጎን ለሩጫ ሲሰለፍ ውድድሩ የተጀመረው መነሻው መስመር ላይ አይደለም።

ለዚህ መፍትሔው ነጋዴው የሚያውቀው ዘዴ ነው፤ የጋራ የጉዞ ሣጥን። ከላይ በተጠቀሰው ምሳሌ የአራቱ ቡድኖች አማካይ ርቀት 356 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከአማካዩ በታች የተጓዘ የቀረለትን ያህል ወደ ሣጥኑ ይጨምራል፤ ከአማካዩ በላይ የተጓዘ ትርፉን ከሣጥኑ ያወጣል። አሰላ የ181፣ ነቀምቴ የ26፣ ጅማ የ6 ኪሎ ሜትር ዋጋ ሲያዋጡ ያቤሎ የ214 ያህሉን ትቀበላለች። ማንም ከማንም በላይ ሳይከፍል ሁሉም ይደርሳል። "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" ማለት ይኸው ነው።

ቀጭኑ አየር

ርቀትን ገንዘብ ያካክሰዋል፤ ከፍታን ግን አያካክሰውም። ሱሉልታ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ከሩብ በላይ ያነሰ ነው። መተሐራ ከ1,000 ሜትር በታች፣ ሞያሌ 1,100 ሜትር አካባቢ ላይ ይገኛሉ። ከቆላ የመጣች የ16 ዓመት ልጅ ትናንት ማታ ደርሳ ዛሬ ጠዋት በሱሉልታ 5,000 ሜትር ብትሮጥ የምትሸነፈው በእግሯ ሳይሆን በሳንባዋ ነው።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1968 የሜክሲኮ ኦሊምፒክ በ2,240 ሜትር ከፍታ ላይ ሲካሄድ የአጭር ርቀትና የዝላይ ውጤቶች ተሻሽለው የረጅም ርቀት ሯጮች ግን ትንፋሽ አጥሯቸው ታይተዋል። የደጋ ልጆች ግን ደልቷቸው ነበር፤ ማሞ ወልዴ በ10,000 ሜትር ብር፣ በማራቶን ወርቅ ያገኘው ያኔ ነው። ፊፋም እ.ኤ.አ. በ2007 ከ2,500 ሜትር በላይ ዓለም አቀፍ ግጥሚያ እንዳይደረግ ወስኖ እንደ ቦሊቪያ ያሉ የተራራ አገሮች በመቃወማቸው ውሳኔውን በሚቀጥለው ዓመት አንሥቶታል። ሁለቱም ወገን እውነት ነበረው፤ ደጋ መወለድ ጥፋት አይደለም፤ ቆላ መወለድም ቅጣት ሊሆን አይገባም።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ሱሉልታ አታስተናግድ ማለት አይደለም። ሱሉልታ ስታስተናግድ የረጅም ርቀት ሩጫው በመጨረሻዎቹ ቀናት እንዲሆን፣ የቆላ ልዑካንም ቀድመው እንዲገቡ ማድረግ ይገባል። ጥቂት ቀን ከፍታን ሙሉ በሙሉ አያለማምድም፤ የመንገዱን ድካምና የመጀመሪያውን ራስ ምታት ግን ያስወግዳል። ለእነዚያ ተጨማሪ ቀናት የሚሆነው አዳርና ቀለብ ከመጀመሪያው በበጀቱ ውስጥ መግባት ይኖርበታል። ከፍታው ዙሩ ቆላ ሲደርስ ደግሞ ራሱን ይከፍላል፤ በዚያን ጊዜ የደጋው ልጅ በተራው ሙቀቱን ይቀምሰዋል።

ጨረታ ቢሆንስ?

ነጋዴ ባለበት ዘንድ የመጀመሪያው ሐሳብ ጨረታ ነው። ከተሞች ሰነዳቸውን በታሸገ ኤንቨሎፕ ያቅርቡ፤ ተወዳዳሪዎች ባሉበት ይከፈት፤ የተሻለ ያቀረበ ይውሰድ። ጥቅሙ ግልጽ ነው። ሁሉም መስፈርቱን ቀድሞ ያውቃል፤ በስልክ የሚያልቅ ነገር አይኖርም።

ጨረታ ግን ሁለት ሕመም አለበት። አንደኛው እጅ መንሻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 መጨረሻ የሶልት ሌክ ሲቲ የክረምት ኦሊምፒክ አዘጋጆች ለኦሊምፒክ ኮሚቴ አባላት ስጦታና ጥቅማ ጥቅም መስጠታቸው ሲጋለጥ 10 አባላት ከኮሚቴው ተሰናብተዋል ወይም ለቅቀዋል፤ ከዚያ ወዲህም አባላቱ በግላቸው ተወዳዳሪ ከተሞችን እንዳይጎበኙ ተከልክሏል። ፊፋም የ2026ን የዓለም ዋንጫ ሲሰጥ የተወዳዳሪዎቹን የቴክኒክ ነጥብ አስቀድሞ አውጥቶ፣ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2018 በሞስኮ ጉባዔ በአባል አገሮች ድምፅ አስወስኗል። አሜሪካ፣ ካናዳና ሜክሲኮ በጋራ ሞሮኮን 134 ለ65 ሲረቱ ማን ለማን ድምፅ እንደሰጠ ይፋ ሆኗል። ግልጽነት ሐሜትን ባያጠፋም ቦታ ያሳጣዋል።

ሁለተኛው ሕመም ከመጀመሪያው ይብሳል። ጨረታ ላለው ይጨምራል። ጥሩ ሜዳ ያላት ከተማ ታሸንፋለች፤ ስላሸነፈች ሜዳዋ ይታደሳል፤ ስለታደሰ በሚቀጥለውም ዓመት ታሸንፋለች። የሌላት ከተማ ሜዳ የምትሠራበት ምክንያት አታገኝም። በአስፋልት ዳር ያሉት የሸገር ከተሞች በጨረታ ሥርዓት ደጋግመው ሊያሸንፉ ይችላሉ። ሆኖም ፍትሕ ከድል የተለየ ነገር ነው።

ዕቁቡ

ለዚህ ደግሞ መርካቶም፣ ሰበታ ገበያም፣ ቡራዩም የሚያውቁት ሥርዓት አለ። ዕቁብ። በዕቁብ ሁሉም ይጥላል፤ ሁሉም በተራው ይበላል። አንድ ጊዜ የደረሰው ሰው ሌሎቹ ሁሉ እስኪደርሳቸው ዕጣ ውስጥ አይገባም። ከወሰደ በኋላ እንዳይጠፋ ዋስ ይጠራል። ድንገተኛ ችግር የገጠመው በስምምነት ተራውን ይለውጣል። ዳኛ አለው፤ ጸሐፊ አለው፤ መዝገብ አለው።

በትምህርት ቤት ውድድርም ይህ ያልተሞከረ አይደለም። የምሥራቅ አፍሪካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ጨዋታዎች እ.ኤ.አ. በ2022 በታንዛኒያ አሩሻ፣ በ2023 በሩዋንዳ ሁዬ፣ በ2024 በኡጋንዳ ምባሌ፣ በ2025 በኬንያ ካካሜጋ ተካሂደዋል። አራት ዓመት፣ አራት አገር። ከዚህም በላይ ውድድሮቹ በዋና ከተሞች ሳይሆን በክፍለ አገር ከተሞች መዋላቸው ልብ ሊባል ይገባል።

አራት የሚለው ቁጥር በእኛም ዘንድ ትርጉም አለው። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለው ዕድሜ አራት ዓመት ነው። ኦሮሚያ ከ20 በላይ ዞኖች አሏት፤ ዙሩ በዞን ቢቆጠር አንድ ዞን ተራው እስኪመለስለት ከ20 ዓመት በላይ ይጠብቃል፤ ዛሬ የሚወዳደረው ልጅ ያን ጊዜ የራሱን ልጅ ይልካል። በሸገር ክፍለ ከተሞች ቢቆጠር እንኳ 12 ዓመት ነው። ስለዚህ ዞኖቹን በመንገዳቸው አቅጣጫ በአራት ምድብ ከፍሎ፣ ማለትም ምዕራብ፣ ደቡብ፣ ምሥራቅና መካከል አድርጎ፣ ዙሩን በአራት ዓመት መዝጋት ይቻላል። እንዲህ ሲሆን ማንኛውም ተማሪ በትምህርት ዘመኑ አንድ ጊዜ ውድድሩን በቅርቡ ያየዋል። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታም የመካከሉ ምድብ ተራ ሲደርስ እርስ በርሳቸው ዕጣ ይጣጣላሉ።

ዕቁብም ቢሆን ያለ ጥንቃቄ አይሆንም። አንዳንድ ዕቁብ ላይ ዳኛው ያለ ዕጣ ቀድሞ የሚወስድበት ልማድ አለ። በውድድር ግን የሚመርጠው ኮሚቴ ውስጥ የሚመረጠው ከተማ ሰው ድምፅ ሊኖረው አይገባም። ዋስ ደግሞ የግድ ነው። ተራው የደረሰው ከተማ ቢያንስ ንጹሕ ውኃ፣ የሴቶችና የወንዶች የተለያየ መኝታና መጸዳጃ፣ የአምቡላንስ አገልግሎት፣ አካል ጉዳተኛ የሚገባበት በርና የሚለካ ሜዳ እንዳለው ከአንድ ዓመት በፊት ታይቶ መረጋገጥ አለበት። ካልተሟላ ተራውን ለሌላ ይለቅቃል እንጂ አይሰረዝበትም። የጨረታው ጥቅም እዚህ ላይ ይገባል፤ ዕጣው ማን እንደሚያስተናግድ ይወስናል፤ መስፈርቱ ግን እንዴት እንደሚያስተናግድ ይወስናል።

ቀን ያልተቆረጠለት ድግስ

የዝግጅት ጉድለት ምን እንደሚያስከፍል አገሪቱ አይታዋለች። በሌሎች አገሮች ተወዳዳሪ ሆና ሳይሆን አስተናጋጅ ሆና በኖረችበት ዘመን ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ እ.ኤ.አ. በ1962፣ በ1968 እና በ1976 ሦስት ጊዜ አዘጋጅታለች፤ ብቸኛ ዋንጫዋንም ያገኘችው በ1962 በሜዳዋ ግብፅን 4 ለ2 ረትታ ነው። ለ2020 የታሰበው የቻን ውድድር ግን ከዝግጅት ጋር በተያያዘ ከእጇ ወጥቶ ወደ ካሜሩን ሄዷል። በኋላም ደረጃውን ያሟላ ስታዲየም በመታጣቱ ብሔራዊ ቡድኑ የሜዳ ጨዋታውን በሰው አገር እስከ ማድረግ ደርሶ፣ በሰኔ 2014 ዓ.ም. ግብፅን 2 ለ0 ያሸነፈው በማላዊዋ ሊሎንግዌ ነበር። ድሉ የእኛ ሆነ፤ የአልጋው፣ የምግቡና የትኬቱ ገቢ ግን የሊሎንግዌ ነጋዴ ሆነ።

በአንጻሩ የፕሪሚየር ሊጉ ልምድ ዙር እንደሚሠራ ያሳያል። በኮሮና ምክንያት በ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ክለቦቹ በሙሉ በአንድ ከተማ እየተሰበሰቡ እንዲጫወቱ ሲደረግ ጨዋታዎቹ በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ ተከፋፍለው ነበር። ሰበታ ከተማም ከተጓዦቹ አንዱ ነበር። የአንዱ ከተማ ተራ ሲያልቅ የሌላው ይጀምራል፤ የሆቴሉ፣ የልብስ አጣቢውና የትራንስፖርቱ ገበያም አብሮ ይዞራል። ለትልልቆቹ የሚሠራው ለትንንሾቹ የማይሠራበት ምክንያት የለም።

ለነጋዴው ምን ይበጃል?

ለሸገር ከተሞች ነጋዴ ዙር የመጀመሪያ እይታው ኪሳራ ሊመስል ይችላል። በየዓመቱ የማግኘት ተስፋ ወደ አራት ዓመት አንድ ጊዜ ይወርዳልና። ነገር ግን በየዓመቱ ተስፋ የተደረገ ገበያ ገበያ አይደለም፤ ወሬ ነው። በወሬ 500 ፍራሽ የገዛ ነጋዴ ውድድሩ በመጨረሻው ሳምንት ሌላ ቦታ ሲሄድ ፍራሹን ተሸክሞ ይቀራል። ቀኑና ዓመቱ ቀድሞ የታወቀ ገበያ ግን ባንክ ያበድርበታል፤ ሽርካ ይገኝበታል፤ አልቤርጎ ይሠራበታል።

የመካከሉ ተራ በታወቀ ጊዜ ፍራሽ ከመግዛት ይልቅ ተራው ካለፈበት ምድብ መከራየት ያዋጣል፤ ተራው ሲያልፍም ለቀጣዩ ምድብ ማከራየት ይቻላል። 1,000 ፍራሽ አራት ምድብ ቢዞር የአንድ ከተማ ሸክም ሳይሆን የአራት ዓመት ሥራ ይሆናል። ለመንግሥት የሚቀርብ ዳቦም ሆነ ውኃ በጽሑፍ ውል፣ የክፍያው ቀን ተቆርጦለት ይሁን፤ ካልሆነ ሳምንቱ አልፎ ሒሳቡ በጀት ዓመት ሊሻገር ይችላል። ደላላውም ቢሆን ክፍልና አዳራሽ በማገናኘት የሚያገኘው ኮሚሽን ተመዝግቦ ቢታወቅ ይከበርበታል እንጂ አይጎዳበትም። ከሁሉም በላይ ከገቢው ተቆርጦ ለአስተናጋጁ ትምህርት ቤት ጥገና የሚውል ድርሻ አስቀድሞ ቢወሰን ቧንቧው ሲሰበር ጠያቂ አይጠፋም። ክፍላቸውን ለለቀቁ ተማሪዎች የማካካሻ ትምህርት የሚሰጡ መምህራን አበልም ከዚሁ ይወጣል።

ውድድሩን በሴሚስተር ዕረፍት ማድረግ ከተቻለ ደግሞ አንዱ ዕዳ ከነአካቴው ይቀራል። ልጆቹ ከክፍል አይወጡም፤ ክፍሉም ባዶ አያድርም።

ለጋጋሪው 14,000 ዳቦ የአንድ ሳምንት ሥራ ነው፤ ሳምንቱ ባይመጣ ሌላ ሳምንት ይመጣል። ለተማሪው ግን አራት ዓመት ብቻ ነው ያለው። በእነዚያ አራት ዓመታት ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ በአገሩ ልጆች ፊት፣ ሌሊቱን ሙሉ ሳይጓዝ፣ በለመደው አየር መሮጥ ቢችል የተሻለው ሯጭ ማን እንደሆነ ይታወቃል። ዕጣው ሲወጣ መታየት ያለበት ይህ ነው፤ ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል።